የ100 ዋት ፍርሃት!

ስልክ የሚዘጋ መንግሥት በዓለም ላይ ሞልቶ ይሆናል፤ የእኛው ግን ለምዶበታል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት የአገሩ ኢንተርኔት ለሳምንታት ድርግም አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቆረጠ። እናቱ አክሱም፣ እሱ አዲስ አበባ የሆነ ሰው “እናቴ አለች ወይስ የለችም?” እያለ ወራት ቆጠረ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የኢንተርኔቱ ተራ የአማራ ክልል ሆነ። እንግዲህ ጎበዝ፣ ከቴሌ ማማ ውጪ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ሌላ መንገድ የለም ወይ?

አለ! አማተር ሬዲዮ ይባላል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የአማተሮቹ ዓለም አቀፍ ኅብረት ፓሪስ ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

ሬዲዮ ጣቢያ ከፍቶ ዜናና ዘፈን ማሰራጨት አይምሰላችሁ፤ ያ ለአማተር ክልክል ነው። ንግድም አይሠራበትም። ፈቃድ ያወጣ ሰው ከቤቱ ቁጭ ብሎ ሌላ ፈቃድ ያለውን ሰው በአየር ላይ ፈልጎ ያነጋግራል፣ በቃ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኃይል 100 ዋት ያህል ነው፤ ያ የድሮው የሳሎን አምፖል የሚበላውን ማለት ነው። በዚያች አቅም ድምፁ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያሸከመው የላይኛው አየር መልሶት ብራዚል ወይ ጃፓን ይወርዳል። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሽቦውን ዝቅ አድርጎ የዘረጋ ደግሞ፣ ሰማዩ ሲፈቅድ፣ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ሰው ተራራ ሳያግደው ያገኘዋል። ተራራ ለሞላበት አገር ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ? ደግሞ የመኪና ባትሪ ይበቃዋል። መብራት ሄደ፣ ማማ ወደቀ፣ ግድ የለውም።

ሕንዶች ያደረጉትን ስሙ። አንዳማን የሚባሉት ደሴቶቻቸው ወታደራዊ ጥቅማቸው ትልቅ ስለሆነ መንግሥቱ ለብዙ ዓመታት እዚያ አማተር ሬዲዮ አላስደርስ ብሎ ነበር። በስንት ልመና ፈቅዶ አንድ የአማተሮች ቡድን ፖርት ብሌር ከተማ ገብቶ ለጨዋታው ሲያወራ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ያ ሱናሚ የተባለ ጉድ መጣ! ስልኩ ተበጣጠሰ። ለጨዋታ የመጡት ሰዎች ጨዋታቸውን ትተው የማን ልጅ እንደተረፈ፣ የማን ዘመድ የት እንዳለ ለዋናው ምድር ሲናገሩ ሰነበቱ። ያን ፈቃድ የፈረመው ባለሥልጣን ያንለት ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

“በጦርነት ጊዜማ መንግሥት እሱንም ይዘጋዋል” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አሜሪካም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አማተሮቿን ዝም አሰኝታለች። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን መለሰችላቸው። ደግሞስ ሁሉ ነገር ጦርነት ነው? ጎርፉ፣ የመሬት መንሸራተቱ፣ መንቀጥቀጡስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ተራራ ተንዶ ስንት ወገን እንደቀበረ ረሳነው እንዴ!

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። በዚህች አገር መገናኛ ሬዲዮ የያዘ ሰው ከሰላይ ነው የሚቆጠረው። ደርግም እንዲያ ነበር፣ ኢሕአዴግም የደርግን ዓይን ወርሶ ገባ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ሲያበቁ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ያስገባውንም ይዞ የተገኘውንም በዓመታት ለሚቆጠር ጽኑ እሥራት ዳረገ። የሚሰማውን አፍነው፣ የሚናገረውን አሰሩ ማለት ነው።

ግን እስቲ እናስተውል። የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አማተሮች ከአገር አገር ሲነጋገሩ ትርጉም የሚሰውር ኮድ እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። አማተሩ መለያ ስሙን እየጠራ በግልጽ ያወራል፤ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፣ ደኅንነቱም ጭምር። ስሙ፣ አድራሻው፣ የሚሠራበት ሞገድ መንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የትኛው ሰላይ ነው ስሙን አስመዝግቦ በአደባባይ የሚጮኸው? ሰላይ ቢሆን ኪሱ ያለው ስልክ መች አነሰውና! የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን፣ ስንት የግድያ ሙከራ ያመለጡ ሰው፣ ራሳቸው አማተር ነበሩ። ጄ.ዋይ.1 በሚል መለያ ከማንም ተራ ሰው ጋር ያወሩ ነበር።

እኛ ዘንድስ? ኢትዮጵያ የዓለም ቴሌኮም ኅብረት አባል ከሆነች እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ነው፤ “ኢ.ቲ.” የሚለው የአየር ላይ መለያም የእኛው ነው። የሚገርመው፣ በንጉሡ ዘመን በዚህ መለያ ከሚታወቁት ጣቢያዎች አንዱ አሥመራ ቃኘው ሠፈር የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ክበብ ነበር፤ ኢ.ቲ.3.ዩ.ኤስ.ኤ ይባል ነበር። በስማችን ሌላው ሲያወራ እኛ አልሰማንም! በኋላ አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ዘንድ የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ክበብ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚል መለያ ድምፁን አሰምቷል። ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያን የፈለገ አማተር በአብዛኛው የሚያገኘው ይህንኑ ክበብ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ክበብ!

ዋሽንግተን ያለው ወገናችንን እዩት። ዜግነትም አይጠየቅ፤ የባዕድ መንግሥት ወኪል እስካልሆነ ድረስ ከ35 ጥያቄ 26ቱን ከመለሰ የመጀመሪያውን ፈቃድ ይዞ ይወጣል። የሞርስ ፊደል ቲክ ቲክም ቀርቷል፤ ዓለም አቀፉ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2003 ግዴታነቱን አንስቶታል።

ልጀምር ለሚል ወጣት ምክሬ ይሄ ነው። መጀመሪያ አዳምጥ። የአባትህን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አቧራውን ጠርገህ 7 ወይ 14 ሜጋኸርዝ ላይ ብታመጣው እንደ ዳክዬ የሚንጫጫ ድምፅ ትሰማለህ። ሬዲዮው ተበላሽቶ አይደለም፤ አማተሮቹ ኃይል ለመቆጠብ ከሞገዱ ግማሹን ቆርጠው ስለሚልኩት ነው። ያንን ወደ ሰው ድምፅ የሚመልስ፣ “ኤስ.ኤስ.ቢ.” የሚል ማዞሪያ ያለበት ሬዲዮ ብታገኝ ትገላገላለህ። ካጣህ፣ ኢንተርኔቱ ካልተዘጋ (!)፣ የኔዘርላንዱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያውን ለማንም ክፍት አድርጎታል፤ በነጻ ትሰማለህ። ለአንቴና ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል፤ 14 ሜጋኸርዝ ላይ ወደ 10 ሜትር፣ 7 ላይ ወደ 20 ሜትር፣ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ገመዱ የሚገባበት። ከመብራት ኃይል ሽቦ ግን ራቅ! ከዚያ “ሲ.ኪው.” ማለት “የሚያነጋግረኝ አለ?” መሆኑን፣ “73” ማለት “ሰላምታዬ ይድረስ” መሆኑን እያወቅህ ስትሄድ ጆሮህ ይከፈታል። የሚናገረውን መሣሪያ ግን ያለ ፈቃድ እንዳትገዛ፣ ከውጭም እንዳታስመጣ። ወንድሜ፣ አዋጁን ነግሬሃለሁ።

የቀረው የመንግሥት ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ፈቃዱንም ሞገዱንም በእጁ ሰጥቶታል። እንግዲያው ፈተናው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሰጥ፣ ስንት እንደሚከፈልበት፣ መልስ በስንት ቀን እንደሚገኝ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ አትሞ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይለጥፍልን። የሚከለክልም ከሆነ የከለከለበትን ምክንያት ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አሳርፎ ይስጥ።