አዋሽ አፍ ቢኖረው፤ ስለ ከተማ ምትሐት ልብ ወለዶች ያለን አስተያየት



ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ባለፈው ሳምንት ማታ በመኝታ ቤታችን ደጃፍ የተነሣው ክርክር ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የገዋኔም ሙቀት ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ስላልነበረ ምንጣፋችንን ይዘን ወጣን። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ብርሃን ስለ ለንደን የተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ያነብ ነበርና ሌላው ጓደኛችን፣ «ይህ የጋኔን ተረት ምን ይጠቅምሃል? ሕዝብህ በድርቅና በኑሮ ውድነት ተይዞ ሳለ አንተ ከሙታን መንፈስ ጋር ታወጋለህን?» ሲል ገሠጸው። ነገሩ በዚያ አላበቃም። እኩሌታችን ለአንባቢው፣ እኩሌታችን ለገሣጩ ቆመን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እኛ ከአንባቢው ጋር የቆምነው ነን። በዚያ ሌሊት በጩኸት መካከል ሳንናገረው የቀረውን እነሆ በጽሑፍ እናቀርባለን።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አስቀድመን የክርክሩን ጉዳይ እንግለጽ። የከተማ ምትሐት ልብ ወለድ የምንለው፣ ታክሲ፣ አስፋልት፣ ፖሊስ ጣቢያና የቤት ኪራይ ባለበት በዛሬው ከተማ ውስጥ መንፈስና አስማተኛ ከሰው ጋር ተጋፍተው የሚኖሩበትን ታሪክ ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይህ ዓይነቱ ድርሰት ራሱን ችሎ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ኤማ ቡል እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የምትዘፍንን ሴት ከመናፍስት ጦርነት ውስጥ አስገባቻት። ኒል ጌይማን እ.ኤ.አ. በ1996 ከለንደን ሥር ሌላ ለንደን እንዳለ አድርጎ ጻፈ። ነገር ግን ሥሩ ከዚህ የጠለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የሞተው ሩሲያዊው ቡልጋኮቭ ሰይጣንን ወደ ሞስኮ አምጥቶ፣ የከተማው ሰው ለአንዲት ክፍል ቤትና ለጥቂት ገንዘብ ሲል የሚያደርገውን ሁሉ አጋለጠበት። መጽሐፉ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ተቆራርጦ። እንግዲህ ጓደኛችን እንዳለው የጋኔን ተረት ሥራ ፈት የሚያወራው ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ሳንሱር ያን ያህል ባልፈራው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስም ምስክር አናጣም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ዋና ባለታሪኩ ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ነው። ፅንስ እንደማይናገር ደራሲውም አንባቢውም ያውቃል። ይሁን እንጂ ያ የማይናገር ፅንስ አፍ አውጥቶ ድኻ ሆኜ ከዚህ ዓለም አልመጣም ባለ ጊዜ፣ በዘመኑ በግልጽ ሊባል የማይችለው ነገር ተባለ። መጽሐፉም ታገደ። ስለዚህ ምትሐት ከእውነት መሸሻ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ከገዛ ሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ጋር አይስማማም። አንዳንድ ጊዜ እውነት በፊት በር እንዳትገባ ስትከለከል በጓሮ የምትገባበት መንገድ ነው።

አሁን ያ ጓደኛችን ያነበው ወደነበረው መጽሐፍ እንምጣ። ደራሲው ቤን አሮኖቪች ይባላል፤ «ሪቨርስ ኦቭ ለንደን» በሚል ርእስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንድ ተራ ፖሊስ ስለ ነፍስ ግድያ ምርመራ ሲያደርግ የሚመሰክርለት የሞተ ሰው መንፈስ ሆኖ ይገኛል። እኛን የማረከን ግን መንፈሱ አይደለም፤ ወንዙ ነው። በዚህ ልብ ወለድ ቴምዝ ወንዝ ሁለት ጌቶች አሉት። የላይኛው ክፍል የአንድ ሽማግሌ ነው፤ በከተማው ውስጥ የሚያልፈው የታችኛው ክፍል ከናይጄሪያ የመጣች የአንዲት ሴት ነው። ገባር ወንዞቹ ልጆቻቸው ናቸው። ሽማግሌው ከተማውን የተወው እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን በገዛ ጉድፏ ገምታ ወንዙ በታመመ ጊዜ ነው። ያ ግማት በታሪክ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ደራሲው የጨመረበት ወንዙ እንደ ሰው ያዝናል፣ ይቆጣል፣ ጥሎ ይሄዳል የሚለውን ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህን በገዋኔ ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ ስለ ማን ያስባል? ስለ ቴምዝን? እኛስ ያሰብነው ስለ አዋሽ ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንግሊዛዊው ቴሲጀር ይህን መጨረሻውን ተከትሎ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን የአፋር እረኛ ግን ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲያውቀው ኖሯል። በመንገዱ ላይ ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ጉድፍ ተሸክመው በአባ ሳሙኤል በኩል ይቀላቀሉታል። ቀጥሎ የቆቃ ግድብ ይይዘዋል። ከዚያም የመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ይጠጡታል፤ እነዚህ እርሻዎች የተተከሉት የአፋር ከብት በበጋ ይሰማራበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። እንግዲህ የላይኛው አዋሽ ጌታና የታችኛው አዋሽ ጌታ በአንድ ሌሊት ገዋኔ ድልድይ ላይ ተገናኝተው ቢካሰሱ ምን ይባባሉ ነበር? አዲስ አበባ ላይ ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን የሚታጠበው ሰው ያጠበው ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ አስቦ ያውቃልን? ይህን በስብሰባና በሪፖርት ስንሰማው እናንቀላፋለን። ወንዙ ራሱ ቆሞ ቢናገር ግን የሚያንቀላፋ ያለ አይመስለንም።

«ገዋኔ ከተማ አይደለችም፤ የመኪና ማለፊያ ናት» የሚል ቢኖር መልስ አለን። ከተማ ማለት ፎቅ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣውና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና ሌሊትና ቀን በመካከላችን ያልፋል። ሾፌር፣ ረዳት፣ ሻይ አፍይ፣ እረኛ፣ ተማሪና ወታደር በአንድ አጥር ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ናይጄሪያዊ ዘር ያላት ኔዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው «ላጉን» በተባለው ልብ ወለድ ከሌጎስ ወደ ቤኒን የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሰው የሚበላ ፍጡር አድርጋዋለች። በዚያ ጎዳና ያለቀውን ሰው የሚያውቅ አንባቢ ይህን ተረት ነው አይልም። በእኛም መንገድ ዳር የተገለበጠ ተሳቢ ስናይ የኖርን ሰዎች ስለዚህ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገንም። በደርግ ዘመን ለበጎ ተብሎ መጥቶ ዛሬ ግጦሹን ሁሉ የወረረውን፣ የአፋር ሰዎች «ደርጊ ሀራ» ማለት የደርግ ዛፍ የሚሉትን እሾሃም ዛፍ እንመልከት። ዛፉ ሌሊት ሌሊት ይራመዳል ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ቢነሣ ያጋነነው እጅግ ጥቂት ነው።

ጥሬ ዕቃ አጣን የምንልበት ምክንያትም የለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት ቀን በቀን ሲጽፍ ከረመ። በአፋር ወጣቶች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ በመካከል ሆኖ የሚመጣውን የሚናገር ጊኒሊ አለ። ትውልደ አሜሪካዊው ጄሊ ክላርክ ጂኒዎችን ከካይሮ ሕዝብ ጋር አኑሮ፣ ለእነሱ ጉዳይ የሚሆን መሥሪያ ቤት ፈጥሮ በጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. የ2021ን የኔቡላ ሽልማት አግኝቶበታል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እኛ ግን ሰርዶው በደጃችን በቅሎ ሳለ ከሩቅ አገር የታጨደ ድርቆሽ እንሸምታለን።

በአማርኛ ሙከራው የለም ማለታችን አይደለም። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ባወጣ ጊዜ መጽሐፍ የማይገዛ የነበረው ወጣት ሳይቀር እየተዋሰ አነበበ። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ም ብዙ አንባቢ አፍርቷል። ነገር ግን ቅሬታችንን አንደብቅም። በእነዚህ መጻሕፍት ምሥጢር የሚኖረው በደጋ፣ በገዳምና በደሴት ነው። ከተማው ባለታሪኩ የሚነሣበት መናኸሪያ፣ ቆላውም ካለ የሚያቋርጠው ሜዳ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ቡሪ ውስጥ ሄርቶ ከተባለው ቦታ 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው ራስ ቅል ተገኝቶ በአፋርኛ «ኢዳልቱ» ተብሏል፤ ታላቅ ወይም ሽማግሌ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ጥንታዊ ምሥጢር የት ይገኛል?

የውጭዎቹንም ቢሆን በጭፍን አናመሰግንም። አብዛኞቹ በአንድ ቅርጽ የተጋገሩ ናቸው። አንድ ብቸኛ መርማሪ፣ አንዲት የተመረጠች ልጃገረድ፣ አንድ መልከ መልካም ደም መጣጭ ይኖራሉ፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፤ የከተማው ስም ቢለወጥ ታሪኩ አይለወጥም። አስማቱም ያለ ዋጋ ይመጣል፤ ችግር ሲጠና ባለታሪኩ እጁን ያወዛውዛል፣ ነገሩም ያልቃል። በዚህ ላይ ገሣጩ ጓደኛችን እውነት አለው። ችግርን እንዲህ በነጻ የሚፈታ መጽሐፍ አንባቢውን ያሰንፈዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ልናሳስብ የምንወደው አንድ ከባድ ነገር አለ። ለለንደን ወይም ለሚኒያፖሊስ አንባቢ አስማተኛ ጨዋታ ነው። በእኛ አገር ግን «ቡዳ» የሚለው ቃል ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ከመሬት፣ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልለው ኖረዋል፤ ልጅ በታመመ ቁጥርም ተጠርጥረዋል። ስለዚህ ነገ አንድ ብርቱ ጸሐፊ ተነሥቶ ሸክላ ሠሪዋን በመርካቶ ጅብ ሆና ስትዞር ቢያሳየን፣ የቱንም ያህል ጥሩ አድርጎ ቢጽፈው እኛ አንቀበለውም። ያ ምናብ ሳይሆን የአሮጌ ሐሜት ሁለተኛ እትም ነው። እንደዚሁም የደጋ ጸሐፊ ሊያስፈራን ሲፈልግ አፋርን ጂኒ አድርጎ እንዲያመጣብን አንፈቅድለትም። ከመካከላችን የአፋር ልጆች አሉ፤ ከወሎና ከሸዋ የመጣንም አለን፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን የምናነበው መጽሐፍ አንዳችንን ጭራቅ ሊያደርግ አይገባም። ቡዳ የተባለችው ሴት ራስዋ ታሪኩን ብትነግረንና ጅቡ ከሳሿ ሆኖ ቢገኝ ግን፣ ያን መጽሐፍ ወረፋ ይዘን እናነበዋለን።

ሚዛኑን ከዚሁ ካለንበት አገር እንውሰድ። ሁለት የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ። በዳጉ መዋሸት ታላቅ ነውር ነው፤ የሰው ሕይወትና የከብት ነፍስ የሚያድረው በዚያ ወሬ ላይ ነውና። የምትሐት ደራሲም በዚህ ሕግ ይዳኝ እንላለን። መንፈሱን እንደ ወደደ ይፍጠር፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ መንገዱና ስለ ጎረቤቱ ግን አይዋሽ።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ወደ አዋሽ ወረድ ብሎ፣ ወይም መናኸሪያው አጠገብ አንድ ምሽት ተቀምጦ፣ ያየውን ሳይዋሽ ያላየውን ጨምሮ ሦስት ገጽ የሚጽፍ ማን ነው? መምህራኖቻችንም ጽሑፉን አይተው እንዲያርሙልን፣ ካስፈለገም እንዲነቅፉን በትሕትና እንለምናለን። ገሣጩ ጓደኛችንም ብዕሩን ያንሣ። በዚያ ሌሊት ክርክሩ ሲያልቅ መጽሐፉን «እስቲ ወዲህ በል» ብሎ ተቀብሎ እንደ ሄደ አይተናል፤ እስከ ዛሬም አልመለሰም።