ወላጅ የሚጠራው ለጥፋት ብቻ ነውን?

ሰኔ ሲቃረብ በየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ዐይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ሲሰናዱ ከየክፍሉ የሚወጣው የንባብ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ከአዳራሹ፣ አዳራሽ ከሌለም ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር የሚሰማው የከበሮና የቴአትር ልምምድ ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሚከራከር ሰው የለም። ሁለተኛውን ግን «ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ድምፅ፣ ይኸውም በዓመቱ መዝጊያ ስለሚደረገው ስለ ወላጆች በዓል ጥቂት ለመናገር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል አድርሶት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንዲሆን ወሰነ። ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ወላጆቻችንና አያቶቻችን «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» እያሉ የሚያስታውሱት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንደ ገና ራሱን ችሎ ቆመ ማለት ነው። በየስፍራው ሁሉ ግቢው ተለይቷል ለማለት ባይቻልም፣ በተለየበት ቦታ ግን በደንብ ያልታሰበበት አንድ ችግር አብሮ መጥቷል።

እኛ ያለፍነው በአሮጌው ሥርዓት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ በር ገብተን በአንድ በር ስንወጣ ኖረን፣ ዘበኛው እንኳ በአባታችን ስም ይጠራን ነበር። ስናረፍድ «የእገሌ ልጅ፣ ዛሬም?» ይለን ስለ ነበረ ከዘበኛው ይልቅ ወሬው ቤት መድረሱን እንፈራ ነበር። የዛሬው ልጅ ግን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ የለመደውን ግቢ ትቶ፣ ከሦስትና ከአራት ትምህርት ቤት ከተሰበሰቡ ልጆች ጋራ በማያውቀው ግቢ ውስጥ ይገናኛል። ሰባተኛ ክፍልን በመተዋወቅ ያሳልፋል፤ ስምንተኛ ክፍል የፈተና ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይበተናል። ትምህርቱ በፈረቃ የሆነ እንደ ሆነማ የጧቱ ተማሪ የከሰዓቱን ተማሪ የሚያውቀው በዴስኩ ላይ በተጻፈው ስም ብቻ ነው። ወላጁም እንደዚሁ ነው። መምህራኑን ለምዶ ሳይጨርስ ልጁ ተሰናብቶ ይወጣል።

እንዲህ ባለ አጭር ጊዜ ውስጥ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ብንመረምር ሁለት ነገር ብቻ እናገኛለን። አንደኛው መዋጮ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ጥፋት ነው። «ወላጅ አምጣ!» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ በአገራችን ይኖራል ብለን አናምንም። መስኮት የሰበረም፣ የቀረም፣ የተደባደበም፣ ጠጉሩን ያሳደገም ቅጣቱ አንድ ነው፤ ወላጅ ማምጣት። ወላጅ እንደ ቅጣት መሣሪያ የሚቈጠርበት ቦታ እንዴት ወላጅ ሊወደው እንደሚችል ለእኛ አይገባንም።

ከዚህ ላይ የራሳችንን ገበና ብንገልጥ አንባቢ አይታዘበን። ሰባተኛ ክፍል ሳለን በኳስ አንድ መስተዋት ሰበርንና ወላጅ እንድናመጣ ታዘዝን። አባታችንን ለመንገር ድፍረቱ ስላልነበረን፣ ከሰፈራችን ራቅ ብሎ ሊስትሮ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ በአሥር ብር ተስማምተን፣ የሰው ኮት አልብሰን «አጎታችን ነው» ብለን ይዘነው ገባን። ጎረምሳውም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ምን አጠፋ? እኔ ቤት ወስጄ ልኩን አስገባዋለሁ» እያለ ከእውነተኛ አጎት ይልቅ ሲቈጣን ነገሩ የተሳካ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ርእሰ መምህሩ ትኵር ብለው አዩትና «አንተ፣ ትናንት ጫማዬን ስትጠርግልኝ የዚህ ልጅ አጎት መሆንህን ለምን አልነገርኸኝም?» አሉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተርከውም። አባታችን ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤታችንን የረገጠው ያን ቀን ብቻ እንደ ነበረ፣ አንገቱንም ደፍቶ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ እንደ ወጣ እስከ ዛሬ አንረሳውም።

የወላጆች በዓል ዋጋው ይህ ነው። ወላጅ በዓመት አንድ ጊዜ አንገቱን ሳይደፋ በዚያ በር የሚገባበት ቀን ነው።

አብሮን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ወዳጃችን ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ለዘንድሮው በዓል ተማሪዎቹ ራሳቸው ያወጡትን አጭር ቴአትር ያለማምዳል። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀን መጥቶ የነገረን ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን። ከተማሪዎቹ አንዲቱ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ትቀራለች። እናቷ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይቸረችራሉ፤ በገበያ ቀን ልጅቱ ትረዳቸዋለች። ክፍል ተጠሪዋ ሦስት ጊዜ «ወላጅ አምጪ» ብለው ላኩባት፤ ሦስት ጊዜም «እናቴ ታማለች» ብላ ተመለሰች። እናቲቱ ግን ጤነኛ ነበሩ። ሴትዮዋ የፈሩት ትምህርት ቤቱን ነው።

ወዳጃችን የቴአትሩን ተዋንያን ሲመርጥ ይህችን ልጅ ለዳኛነት መረጣት፤ ድምፅዋ ወፍራምና የማይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ነው። ከዚያም ተማሪዎቹ ለየወላጆቻቸው የጥሪ ደብዳቤ በእጃቸው እንዲጽፉ አደረገ። ደብዳቤው በደረሰ በማግስቱ እናቲቱ በዓሉን ሳይጠብቁ፣ ነጠላቸውን አደግድገው በትምህርት ቤቱ በር ቆሙ። «መምህር፣ ልጄ ምን አጠፋች?» የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር። ምንም እንዳላጠፋች፣ ይልቁንም በበዓሉ ቀን ዳኛ ሁና ፍርድ እንደምትሰጥ ቢነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ዳኛ? የኔ ልጅ?» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። እርግጥ በአንዲት ልጅ ታሪክ ሕግ አይወጣም፤ ነገር ግን ሦስት የ«ወላጅ አምጪ» ትእዛዝ ያላመጣትን እናት አንድ የቴአትር ጥሪ እንዳመጣት መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ቴአትሩ እንዳይቀር ወዳጃችን ይሠጋል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር «ዘንድሮ ጊዜው የፈተና ነው፤ ቴአትሩ ይቅርና ደረጃ የወጡትን ልጆች ጠርተን፣ ሸልመን፣ ሕዝቡን እንሸኝ» የሚል አሳብ አቅርበዋል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም። ምክንያታቸውም ከባድ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ሁነው መገኘታቸውን አገር ሁሉ ሰምቷል። የሚቀጥለውም ዓመት ከዚያ አልተሻለም። ይህን የሰማ ርእሰ መምህር ከበሮ ሲመታ ቢደነግጥ አንፈርድበትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውድቀት ሥሩ ታች መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና።

ዳሩ ግን የታችኛው ሥር ምን እንደ ሆነ ስንጠይቅ አሳባችን ከርእሰ መምህሩ ይለያል። በወዳጃችን ትምህርት ቤት ልምምዱ የሚወስደው የዓርብን የክበባት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከሒሳብም ከእንግሊዝኛም አንዲት ደቂቃ አልተቀነሰም። በሳምንት ሁለት ቀን የምትቀር ልጅ ግን ከሒሳቡም ከእንግሊዝኛውም ምን ያህል እንደምትቀነስ አስሉት። ደግሞም ስለ ሽልማቱ እንናገር። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ሦስት ልጆች ይጠራሉ። ሦስት ወላጆች እልል ይላሉ። የሃምሳ ሰባቱ ልጆች ወላጆች ሥራቸውን ፈትተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው የመጡት የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲጠራ ለመስማት ነውን? በቴአትሩ፣ በመዝሙሩ፣ በጥያቄና መልሱ፣ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የመረብ ኳስ ግጥሚያ የሚሳተፉት ልጆች ቢቈጠሩ ግን ከመቶ ይበልጣሉ። ከነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ በማርክ ከቶ የማይጠሩ ናቸው።

«የልጆች ቴአትር ምን ቁም ነገር አለው?» ለሚሉም አንድ ነገር እናስታውስ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዛሬዎቹ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ባሉበት ዕድሜ፣ በአምቦ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ አንድ ተውኔት ጽፈው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት እንደ ታየ በሕይወት ታሪካቸው ይነገራል። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ጸጋዬ ይወጣል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ በአምቦ «ዘንድሮ ፈተና አለ፤ ቴአትሩ ይቅር» የሚል ሰው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ብለን ስናስብ ጥቂት ይከብደናል።

አሁን ደግሞ ይህን ገጽ ወደሚያነቡት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንመለስ። በዓሉን የሚያበላሸው ፈተና ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት። ከወረዳ ወይም ከክፍለ ከተማ በክብር እንግድነት የምንጠራው እኛ ነንና። ለሦስት ሰዓት ተጠርተን አምስት ሰዓት እንመጣለን። እስክንመጣ ድረስ ልጆቹ በፀሐይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ስንደርስም የፊተኛው ወንበር፣ ድንኳኑና ውሃው ለእኛ ነው። ቀጥሎ ንግግር እናደርጋለን፤ ለቢሮ የተጻፈውን ሪፖርት ለጉሊት ነጋዴና ለአናጢ እናነባለን። ንግግሩ ሲያልቅ ሰዓቱ ስለሚሄድ «ከፕሮግራሙ ጥቂት ይቀነስ» ይባላል። የሚቀነሰው የልጆቹ ቴአትር ነው። ንግግር ሲቀነስ አይተን አናውቅም። እኛ ራሳችን ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት የክብር እንግዳ አጃቢ ሁነን ሄደን ይኸው ሲሆን በዐይናችን አይተን ዝም ብለናል፤ ዝምታችንም እስካሁን ያሳፍረናል።

ስለዚህ በዘንድሮው ሰኔ የተጠራችሁ ሁሉ በሰዓታችሁ ድረሱ፤ የልጆቹ ዝግጅት ይቅደም፤ ንግግራችሁም ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ከተቻለም የፊተኛውን ወንበር ለአንዲት እናት ልቀቁ። በዓሉም በከተማው የገበያ ቀን እንዳይውል ርእሳነ መምህራን ቢጠነቀቁ መልካም ነው፤ የገበያ ቀን የተጠራ ነጋዴ አልተጠራም። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጁ ራሱ ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። መዋጮም ቢሆን ያን ቀን ባይነሣ እንመርጣለን። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች እድሳት በገንዘብም፣ በቁሳቁስም፣ በጉልበትም ሲረዳ አይተናል፤ መስጠቱን አልጠላም። ልጁን ለማየት በመጣበት ሰዓት የደረሰኝ ጥራዝ ሲቀርብለት ግን በሚቀጥለው ዓመት ላይመጣ ይችላል።

ክፍል ተጠሪዎችስ? በዓሉ እስኪደርስ በቀሩት ሳምንታት ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ለወላጁ የሚነገር አንድ ደግ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሥራ ነው። በስልሳ ልጆች ክፍል ውስጥማ ይበልጥ ይከብዳል። ወዳጃችን ስለ አንድ ተማሪው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስብ ቈይቶ፣ በመጨረሻ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሲቀዳ ሁልጊዜ ታናናሾቹን እንደሚያስቀድም አስተዋለና ይህንኑ ጻፈለት።

ወዳጃችን ትናንት ስልክ ደውሎልን ነበር። ርእሰ መምህሩ ገና ቁርጡን አልተናገሩም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ኮሚቴ ግን በመጪው ማክሰኞ በጉዳዩ ላይ ይሰበሰባል። የሰፈሩ ዕድር ዳኛም ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን በነጻ ለማዋስ ቃል ገብተዋል። የዳኛዋ እናት በበኩላቸው ሁለተኛ ጊዜ በትምህርት ቤቱ በር መጥተው፣ ጉሊቷን ለጎረቤታቸው ዐደራ የሚሰጡበትን ጊዜ ለማወቅ፣ ፍርዱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ጠይቀዋል።