ቡናው ይመረመራል፤ አዛውንቱስ?

ከሬኮ የሚወጣ ቡና ሳይመረመር ለውጭ ገበያ አይላክም። ናሙናው ይወሰዳል፣ እንከኑ ይቆጠራል፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ይቀመሳል፣ ደረጃም ይሰጠዋል። መልካም ነው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ያን ቡና ተክለው ያሳደጉት አዛውንት የመርሳት ሕመም ይዟቸው መጠለያ ቢገቡ፣ አያያዛቸውን የሚመረምረው ማን ነው?

አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ስሜን ረስተው ነበር። ከእንሰቱ መካከል መንገድ ሲጠፋባቸው ጎረቤት እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸው ነበር። ተቆጣጣሪያችን ያ ጎረቤት ነበር። ዛሬ ልጆች ወደ ዲላ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ተበትነዋል፤ የብዙ አዛውንት ዕጣም በበጎ አድራጊዎች እጅ ወድቋል።

በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ሺዎችን ከጎዳና አንሥቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ለየትኛውም መጠለያ ቢሆን ምስጋና የቁጥጥር ምትክ አይሆንም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚለው ላይ «በጎ አድራጊ አይመረመር» የሚል ልንጨምርበት አይገባም።

የመርሳት ሕመምተኛ ማን እንደመታው፣ ምሳ መብላት አለመብላቱን አስታውሶ አይመሰክርም። ስለዚህ መርማሪው ሳያስታውቅ፣ ያውም በሌሊት መግባት አለበት። ስንት አስታማሚ ነቅቷል? እሳት ቢነሣ በሩን የሚከፍት አለ? የአልጋ ቁስል ይመዘገባል? የሚያስተኛው መድኃኒት የተሰጠው በሐኪም ትእዛዝ ነው ወይስ ለጠባቂው ዕረፍት?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። «አቅም የለም» የሚሉኝ ይኖራሉ። ለቡናው ቀማሽ የቀጠረ አገር ለአባቶቹ መርማሪ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?