ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

«ሰባት ሺህ ነው የሚሄደው፤ ከዚህ በላይ ፈጣን አታገኝም።» ድሬዳዋ ውስጥ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ዲስክ ፍለጋ ታይዋን ገበያ የገባ ሰው ቶሎ የሚሰማው ቃል ይህ ነው። እኛ የስቱዲዮ ሰዎችም ተቀብለነዋል፤ ዲስክ የምንመርጠው ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይተን ነው። ስህተት ነው፤ ገንዘባችንንም፣ አደራ የተሰጠንን የሰው ሰርግም የሚያስበላ ስህተት።

ሒሳቡን እንሥራው። ብዙዎቻችን 4ኬ የምንቀርጸው በሰከንድ በ100 ሜጋቢት ነው። ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ነውና 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። የሦስት ካሜራ ምስል አንድ ላይ ቢከፈት እንኳ 40 ሜጋባይት አይሞላም። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ያህል ያነባል። ኤዲቲንጉ ሲንቀራፈፍ ታዲያ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው፤ እኛ ግን ሮጠን ዲስክ እንቀይራለን።

ዲስኩ የሚፈተነው ብዙ ፋይል ሲጻፍበት ነው። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 7000 ሜጋባይት የሚለው ቁጥር ደግሞ የንባብ ነው፤ ያውም ተከታታይ የሆነ ትልቅ ፋይል ሲነበብ የሚገኝ። ከርካሾቹ ዲስኮች ብዙዎቹ በአንዲት ሴል ውስጥ አራት ቢት ያጭቃሉ፤ ይህ ቀርፋፋ ስለሆነ ከሴሎቹ ከፊሉን ለጊዜው አንድ አንድ ቢት ብቻ እያስያዙ እንደ ካሽ ይጠቀሙባቸዋል። ካሹ እስኪሞላ ይበራሉ። ሲሞላ አንዳንዶቹ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳሉ፤ ከደህና ሃርድ ዲስክ በታች ማለት ነው።

በዳግም ትንሣኤ ሰሞን በራሴ ደርሷል። ሦስት ካሜራ፣ አምስት ሰዓት፣ 675 ጊጋባይት የሰርግ ምስል ከአሮጌው ኤስኤስዲ ወደ አዲሱ ስገለብጥ ፍጥነቱ በ500 ጀመረ። 150 ጊጋባይት ገደማ ላይ ወደ 90 ወረደና እዚያው ቀረ። የቀረው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ነበር፤ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ አዲሱ ላይ ያለው ፎልደር አልከፈት አለ። አሮጌውን አለማጥፋቴ ነው ከሙሽሮቹ ፊት ያቆመኝ።

ስለ ሙቀቱም የሚያወራ የለም። ጣት የምታክለው ፈጣኗ ዲስክ፣ ኤንቪኤምኢ፣ ከ70 ዲግሪ በላይ ስትግል ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ሰኔ ላይ ድሬ ውጭው ራሱ 35 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀን፣ ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ተቀርቅራ ሰዓታት ስትጽፍ የካርቶኑን ቁጥር ከማን ትጠይቃለህ? ሙቀት የሚያስወጣላት የአሉሚኒየም ቁራጭና ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ፣ ለፍጥነት ከምንጨምረው ብር ይልቅ ሥራ ያተርፋሉ።

ፈጣን ዲስክ የግድ የሚሆንበት ሥራ መኖሩን አልክድም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ አንዱ ነው። እዚያም ቢሆን ወሳኙ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ የመረጃ ቁራጮችን የማንበብና የመጻፍ አቅሙ ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው መሆኑም ጭምር።

ስለዚህ ሻጩን ፍጥነቱን አትጠይቁት። ካሹ ከሞላ በኋላ ስንት ይጽፋል በሉት። ካላወቀ 300 ጊጋባይት ባንድ ጊዜ ገልብጣችሁ እንድትሞክሩትና ካልሆነ እንድትመልሱት ተስማሙ። «ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።