ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ኳራንቲን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሹም ሽር አይደለም፤ ስለ ማንጎ ነው። ‹‹አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ሳለ ደግሞ ማንጎ ምን ቤት ነው?›› የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። እኔ የእርሻ ባለሙያ አይደለሁም። ማንጎ ገዝቼ የምበላ፣ ቲማቲም ሲወደድ የማማርር ተራ ዜጋ ነኝ። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብዬ ሳየው የበር ጥበቃ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። በሩን ሳይጠብቅ የቀረው ሌላ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ!

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው) በምሥራቅ ወለጋ በአንድ የግል የማንጎ እርሻ ላይ አንድ ነጭ ነገር ታየ። ከሩቅ ሲያዩት ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ነፍስ ያለው ነው፤ ነጭ ቅርፊት ለብሶ፣ ቅጠልና ፍሬ ላይ ተለጥፎ ፈሳሹን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ። ባለሙያዎች ‹‹ነጭ የማንጎ ስኬል›› ይሉታል። ከዚያ በፊት በአገራችን መኖሩ አልተመዘገበም። ከውጭ ከገባ የማንጎ ችግኝ ጋር እንደመጣ ነው የሚታመነው። ከዚያማ ማን ይያዘው! ወለጋን አዳርሶ አሶሳ ገባ፣ ጅማ አካባቢ ገባ፣ ስምጥ ሸለቆ ገባ። የተጠቃ ማንጎ ቆዳው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይወጣበታል። ገዥ አገላብጦ አይቶ ይመልሰዋል። ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ለጋ ችግኝ ከሆነ ደግሞ ይደርቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጓሮው ውስጥ ሦስትና አራት የማንጎ ዛፍ ያለው የአሶሳ ገበሬ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ከባሕር ማዶ ችግኝ አላስመጣም። ፈቃድ አልጠየቀም፤ ፈቃድም አልሰጠም። ለልጆቹ ደብተር የሚገዛው ግን ከእነዚያ ዛፎች ነው። ታዲያ የማን ኃጢአት ነው በእሱ ላይ የወረደው?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ያውም ከድሮ ጀምሮ። በጃንሆይ ዘመን፣ በ1971፣ የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 ወጣ። ግጥምጥሞሹን ተመልከቱልኝ። በዚያው በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ይህ በሽታ ኬንያ ውስጥ የታወቀው በ1922 ነበር። ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ጎረቤት ተቀምጧል ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ‹‹ይመጣል፣ ይመጣል›› እየተባለ ሊጠበቅ የሚገባው እንግዳ ገብቶ ለጋውን የቡና ፍሬ ሲያጠቁር፣ እኛ ገና ድንጋጌ እያረቀቅን ነበር። የቡና መገኛ የሆነች አገር የቡና በሽታ ከውጭ ገባባት! የገበሬው ቡና ዛሬም ድረስ ከዚህ በሽታ ጋር ይታገላል።

ከዚያ በ1992 የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 ወጣ። በ2022 ደግሞ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ድንጋጌ፣ ደንብ፣ ባለሥልጣን... ወረቀቱ ሙሉ ነው። በመሐሉ ግን ማን ገባ? በ2004 የእስያ የፍራፍሬ ዝንብ ገባ። በ2012 ገደማ ቲማቲም የሚያወድመው ቱታ አብሶሉታ ገባ። በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎአችን ላይ ሰፈረ። እርግጥ ነው፣ ክንፍ ያለውን በፍተሻ ብቻ ማስቆም አይቻልም። ተምች ፓስፖርት አይጠይቅም። ነጩ የማንጎ ስኬል ግን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በርሮ አይደርስም። እሱን የሚያሻግረው ሰው የጫነው ችግኝና ፍሬ ነው።

ኳራንቲን የምትባለዋን ቃል በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ተዋውቀናታል። ለሰው የሚደረገው ለተክልም ይደረጋል። ነገሩ ሲፍታታ እንዲህ ነው። አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። የላኪው አገር መንግሥት ‹‹ይህ ጭነት ተመርምሯል፣ እናንተ ከምትፈሯቸው ተባዮች ነፃ ነው›› የሚል የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ሣጥን ከፍቶ፣ ናሙና አውጥቶ፣ ፍሬውን ሰንጥቆ ያያል። አንዳንዱ ፍሬ ደግሞ ታክሞ ነው የሚገባው። አሜሪካ ከላቲን አሜሪካ የምታስገባው ማንጎ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቅ ውኃ እንደ መጠኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ተነክሮ ነው የሚጫነው፤ ውስጡ የዝንብ ዕጭ ካለ እንዲሞት። ችግኝ ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል። ፍሬ ተበልቶ ያልቃል፤ ችግኝ ግን ተተክሎ ይኖራል፤ ተባዩም አብሮት ቤት ይሠራል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ችግኝ ወደ ማሳ ከመሄዱ በፊት ለብቻው በተከለለ ቦታ ተተክሎ በባለሙያ ዓይን ሊጠበቅ ይገባል።

‹‹ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው›› የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ ፈረንጅ ጠርጣራ የሆነው ተቃጥሎ ነው። በ1980 የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተገኘ። ዝንቡ በስሙ ሜዲትራኒያን ይባል እንጂ ዘሩ ከእኛው ከአፍሪካ ነው። አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ‹‹በሰው መንደር ላይ መድኃኒት ከሰማይ አልረጭም›› ብለው ሲያንገራግሩ ቆዩና በ1981 ሳይወዱ ፈቀዱ። ሄሊኮፕተር በሌሊት ከተማ ላይ ማላታይን ረጨ። ነገሩ እስኪበርድ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ይኼ ሁሉ ለአንዲት ዝንብ!

ለዚህ ነው ዛሬ ዘመድ ጥየቃ ወደ አሜሪካ የምትሄድ እናት ሻንጣዋ ውስጥ ያለውን ፍራፍሬ አላሳወቅሽም ተብላ እስከ 1,000 ዶላር ልትቀጣ የምትችለው። አውሮፓ ደግሞ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ በተሳፋሪ ሻንጣ ውስጥ እንኳ ለሚገባ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት የጤንነት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ነፃ የተባሉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ቴምርና ዱሪያን። ለልጇ ብላ ከጓሮዋ የለቀመችው ቃሪያ ፍራንክፈርት ላይ ሲወሰድባት እናት ታዝናለች። እኔም አዝናለሁ። ግን የሚወስድባት ሰው አገሩን እየጠበቀ ነው።

ሩቅ ምን አስኬደን? ጎረቤታችን ኬንያ አለች። ያ የእስያ ዝንብ ኬንያ ውስጥ በ2003 ተገኘ። ማንጎዋ ዝንብ እየተገኘበት አውሮፓ ላይ ስለተቸገረች በ2014 ወደዚያ መላኩን ራሷ አቆመች። እንደገና መላክ የጀመረችው በ2021 ነው። ሰባት ዓመት! የኬንያ ገበሬ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ገበያ አጥቶ ቆየ። እኛ ‹‹አቮካዶ እንልካለን፣ ማንጎ እንልካለን፣ የውጭ ምንዛሪ እናገኛለን›› እያልን ስናወራ፣ በራችንን ካልጠበቅን የሚዘጋብን የሌላው በር መሆኑን የሚነግረን ማን ነው?

ወደ ቲማቲሙ ልመለስ። ቱታ አብሶሉታ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ2006 ስፔን ገባ፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰሜን አፍሪካን አዳርሶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ዕጩ ቅጠሉን ከውስጥ ይቦረቡራል፤ ፍሬውን ይበሳል። ዝም ከተባለ ማሳውን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። ገበሬው ምን ያድርግ? መድኃኒት ይረጫል። አልሞት ሲለው ሌላ ይጨምራል። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ፤ ወጪው በኪሱ፣ መርዙ በሳንባው። እኛም ከተማ ያለነው ያንኑ ቲማቲም ገዝተን ‹‹ዋጋው እሳት ሆነ›› እንላለን። እሳቱን የለኮሰው ነጋዴው ብቻ አይደለም ጎበዝ፤ በር ላይ የተዘነጋ ነገርም አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል። አንደኛው፣ ‹‹ታዲያ ከውጭ ምንም አይግባ ልትል ነው?›› የሚል ነው። አይደለም። ማንጎው ራሱ ከእስያ የመጣ ነው። ቲማቲሙም፣ ድንቹም፣ በቆሎውም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የምንኮራበት በርበሬም ጭምር ከአሜሪካ ምድር የተሻገረ ነው። እንግዳ ተክል አብልቶናል። ችግሩ ተባዩ ሲመጣ በአገሩ ይበላው የነበረውን ጠላቱን ትቶ መምጣቱ ነው፤ እዚህ የሚገታው የለም። እነ ቶጎ ከእስያ የገባባቸውን የማንጎ ተባይ ለመቆጣጠር በ1987 ተባዩን የሚያጠቃ ጥገኛ ነፍሳት ከህንድ አስመጥተው መልቀቅ ነበረባቸው። እሱ ተሳካላቸው። ግን ድስት ከተጣደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ‹‹ኳራንቲን ሀብታም አገሮች የድሃ አገር ምርት እንዳይገባባቸው የሚያበጁት ሰበብ ነው›› የሚለው ነው። እውነትነት የለውም አልልም። ሰበብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህም ነው የዓለም ንግድ ድርጅት ከ1995 ጀምሮ ‹‹የምትከለክሉት ሳይንሳዊ መሠረት ይኑረው›› የሚል ስምምነት ያለው። ሆኖም ሰው በሰበብ በሩን ሲዘጋ፣ እኛ ያለ ሰበብ ከፍተን መቀመጣችን ብልኅነት ነው? በ2019 ያጸደቅነው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በየድንበሩ የሚያልፈውን ዕቃ እንዲያበዛ ነው የታሰበው። ጥሩ ነው፤ ይብዛ። ታዲያ በሞያሌ፣ በመተማና በጋላፊ የሚያልፈው ሲበዛ የሚያየውም ዓይን አብሮ መብዛት የለበትም?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ኳራንቲን የሚከሸፈው ሕግ በማጣት ብቻ አይደለም፤ የሚፈትሸውና የሚቸኩለው አንድ ቤት ሲያድሩ ነው። የግብርና ባለሥልጣኑ ተጠሪነቱ ለግብርና ሚኒስቴር ነው። ሚኒስቴሩ የሚመሰገነው ምርት ሲጨምር፣ ባለሀብት ሲመጣ፣ መሬት በችግኝ ሲሸፈን ነው። ‹‹ይህን ኮንቴይነር መለስኩ›› ብሎ የተሸለመ ሚኒስትር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። እንግዲህ አንድ ተራ የኳራንቲን ሠራተኛ አስቡ። ከፊቱ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ የጫነ ባለሀብት ቆሟል። ከኋላው ‹‹ኢንቨስትመንት አታደናቅፍ›› የሚል አለቃ አለ። ሣጥኑን ዘርግፎ፣ ቅጠሉን በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ‹‹አይገባም፣ ይቃጠል›› ለማለት ምን ያህል ወኔ ይጠይቃል? ከመንገደኛ ሻንጣ ላይ ሁለት ብርቱካን መውሰድ ቀላል ነው። ሕግ የሚፈተነው ግን በኮንቴይነሩ ፊት ነው።

ስለዚህ እንደ አንድ ተራ ዜጋ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ይውጣ። በዓመት ውስጥ በየትኛው በር ስንት ጭነት ተመረመረ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ ተቃጠለ፣ ምን ተባይ ተገኘበት? አውሮፓውያን የያዙትን ጭነት ከየት አገር እንደመጣና ምን እንደተገኘበት ዘርዝረው ለሕዝብ ያወጣሉ። የእኛስ ለምን በየጊዜው አይወጣልንም? የኳራንቲን ቁጥር የወታደር ምስጢር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ‹‹አይገባም›› የሚለው ሰው ‹‹ይግባ›› ከሚለው ሰው ትእዛዝ ነፃ ይውጣ። የእንጀራው ገመድ በሌላው እጅ ሆኖ ምርመራ የለም።

ሦስተኛ፣ ያስገባ ይክፈል። ችግኝ በብዛት የሚያስመጣ ሁሉ ዋስትና ያስይዝ። ተባይ ይዞ መግባቱ በምርመራ ከተረጋገጠ ማጥፊያው ከዚያ ይሸፈን፤ ዛፉ ለተቆረጠበት ገበሬም ካሣ ይሰጥ። ይህ ካልሆነ ገበሬው ዛፉ ላይ እንግዳ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? ይደብቃል። ካሣ የሌለበት ቦታ ደግሞ ጥቆማ የለም፤ ጥቆማ በሌለበት ተባዩ ወረዳ ከሞላ በኋላ ነው የሚታወቀው።

አራተኛ፣ ለመንገደኛው ይነገረው። በየአየር ማረፊያውና በየኬላው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ ‹‹ፍራፍሬ፣ ችግኝ፣ ዘር ይዘህ ከሆነ እዚህ ጣል፤ አትቀጣም›› የሚል ጽሑፍና በርሜል ይቀመጥ። ሰዉ የሚያጠፋው በክፋት አይደለም። ናፍቆት ነው፤ ‹‹ይህቺን ፍሬ ጓሮዬ ብተክላት›› የሚል ምኞት ነው።

እነዚህ አራቱ ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ ይጠይቁ። የሲቢዲን፣ የቱታን፣ የማንጎውን ዕዳ ገበሬው በየዓመቱ እየከፈለ ነው። ደረሰኝ ስላልተቆረጠለት ያልተከፈለ መሰለን እንጂ።

ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። የሙዝን ሥር የሚያጠቃው፣ ቲ.አር.4 የተባለው የአጠውልግ በሽታ ዓይነት በ2013 ሞዛምቢክ ውስጥ መገኘቱ ታውቋል። አፍሪካ ከገባ ሰነበተ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አፈር ከያዘ ለብዙ አሥርት ዓመታት አይለቅም፤ የሚያድነው መድኃኒትም የለም። አርባ ምንጭ በሙዝ የሚኖረውን ሕዝብ አስቡና ፍረዱ። ይህ በሽታ በክንፍ አይበርም። የሚጓዘው በችግኝ፣ በጫማና በጎማ ላይ በተጣበቀ አፈር፣ በሚፈስ ውኃም ነው። ሊጠበቅ የሚችል በር አለው ማለት ነው።

ሲቢዲን ሃምሳ ዓመት ተሰጥቶን አልጠበቅነውም። ለዚህኛው ስንት ዓመት እንደተሰጠን የሚነግረን የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ውሻው ዛሬ ይንቃ፤ ገመዱም ይፈታለት።

ቸር ይግጠመን።