ሪፖርት ይቀነስ? ለማን ሲባል!

«ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራውን ትቶ ሪፖርት ሲጽፍ ነው የሚውለው፤ ቢቀነስለት ምናለበት?» አለኝ በባንክ ሥራ ያረጀ አንድ ወዳጄ። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ማንም የማያነበው ወረቀት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል፤ ይሄን አልክድም። እኔን የሚያሳስበኝ መቀሱን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

አሜሪካኖቹ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮንግሬሱ «ወረቀት በዛ» ብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሪፖርቶችን ከዓመታት በኋላ በጅምላ የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ታዲያ ከሚቀሩት መሐል የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ1978 በወጣው ሕግ በዓመት ሁለቴ ለኮንግሬስ የሚያቀርበው የገንዘብ ፖሊሲ ሪፖርት ተገኘ! በ2000 ግዴታው ተቋረጠ። ሊቀመንበሩ አለን ግሪንስፓን ግን ግዴታ ሳይኖርባቸው ሐምሌ ላይ ቀርበው ተናገሩ። ኮንግሬሱም እዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ግዴታውን በሕግ መለሰው። በፈቃዳቸው መቅረባቸው ደግ ነው፤ ነገ የማይቀርብ ቢሾምስ?

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች አዲስ ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶ በሚያህል ሂሳብ የእሱን ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ዕድሜው 5 ዓመት፣ ወለዱ 3 በመቶ። ባንኮቹ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር! የመንግሥቱ ንግድ ባንክ ግን አልተነካም። መመሪያ ነውና ፓርላማ አልተከራከረበትም፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ቆየ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 591 ደግሞ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ለሚወስደው ብድር የመጠን ጣሪያ አላበጀለትም ነበር። ገደብ የገባው በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዲስ አዋጅ ነው። እሰየው! ግን ገደቡ መጣስ አለመጣሱን የሚነግረን ማን ነው? ያው ሪፖርቱ አይደል እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በኪሳችን ያለው ብር አቅሙ መድከሙን የምንሰማው ከጤፍ ነጋዴው ነው፤ ምክንያቱን ግን ከባንኩ ሂሳብ ማግኘት መብታችን ነው።

የሚቀነስማ አለ። አንዱን ቁጥር ለሦስት መሥሪያ ቤት በሦስት ፎርም መሙላት ምን ይሉታል? እሱ ይቅር። መንግሥት ምን ያህል እንደተበደረ፣ የባንኩ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ፣ መመሪያ የወጣበት ምክንያት ግን አይነካም! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። በምን ይጠይቅ? ባዶ እጁን?

ወዳጄ ቡናውን ጨልጦ «አንተ ደግሞ ሁሉን ፖለቲካ ታደርገዋለህ» አለኝ። ይሁን። ሪፖርት የሚቀንስ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ካለ ግን፣ የሚሰርዛቸውን ሪፖርቶች ስም ዝርዝር አስቀድሞ በጋዜጣ ያውጣልን።