ለጥቁር ሳንባ ሌላ ቁና!

«ፖለቲካችሁን ከክፍላችን አውጡልን!»

በአሜሪካና በእንግሊዝ የሕክምናና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ስለ ዘረኝነት ይማሩ በተባለ ቁጥር የሚሰማው ጩኸት ይኸው ነው። እነሱ የሚያስተምሩት ጡንቻና ሳንባ ነው፤ ሳንባ ደግሞ ቀለም የለውም! ኧረ ተው? እንግዲያው ወደ ሳንባው እንሂድላቸው።

ስፓይሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። በሽተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ይተነፍስበታል፤ መሣሪያው የወጣውን አየር ለክቶ ከጤነኛ ሰው ጋር ያወዳድረዋል። የሳንባ ሕመምተኛን እስትንፋስ የሚያለማምድ ፊዚዮቴራፒስት ይህን ቁጥር ማንበብ አለበት። ታዲያ በሽተኛው ከመንፋቱ በፊት ዕድሜ፣ ጾታና ቁመት ይገባል። ከዚያስ? ዘር! አሜሪካ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት «ጥቁር» የሚለው ሲመረጥ መሣሪያው ጤነኛ የሚባለውን ልክ ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርገው ነበር። ነጩን «ታመሃል» የሚያሰኝ ትንፋሽ ጥቁሩን «ደህና ነህ፣ ሂድ» ያሰኘዋል ማለት ነው።

ይህን ቁና ማን ሰፋው? እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የሉዊዚያና ሐኪም የጥቁሮች ሳንባ ከነጮቹ 20 በመቶ ያህል ያንሳል ሲል ጻፈ። ይኸው ሰውዬ ባሪያ የሚኮበልለው «ድራፔቶማኒያ» በሚባል የአእምሮ በሽታ ነው ያለና መድኃኒቱን ግርፋት ያደረገ ጉድ ነው! በሽታው መሳቂያ ሆኖ ቀረ። የሳንባው ቅናሽ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ።

ይሄ የቆየ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባልቲሞር የሆነውን ይስማ። በአስቤስቶስ ሳንባቸው የተጎዳ ሠራተኞች ካሳ ሲጠይቁ ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ሂሳብ ይዞ ብቅ አለ፤ ጥቁሮቹ ከነጮቹ ብሰው መታመማቸውን ያሳዩ ብሎ! ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የሚኖረው የእኛ ሰውም ቢሆን እዚያ መሣሪያ ፊት ሲቀርብ «ጥቁር» ነው። ደገኛ ይሁን ቆለኛ የሚጠይቀው የለም።

«ልዩነቱ እኮ በልኬት የታየ ነው» የሚሉ አሉ። በአማካይ አዎን ታይቷል። ግን ጭስና አቧራ፣ የልጅነት መጎሳቆልስ ሳንባን አያሳንስም? አቧራ የበላውን ሳንባ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ መመዝገብ የምን ሳይንስ ነው?

የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ዘር የማይጠይቅ ስሌት እንዲሠራበት መክሯል። እሰየው! ግን በዚህ አላለቀም። ቅናሹ ሲነሳ ትናንት «ጤነኛ» የተባለው ጥቁር ነገ «ለዚህ ሥራ፣ ለዚህ ቀዶ ጥገና አትበቃም» ሊባል ይችላል። ይህን አመዛዝኖ የሚወስን ባለሙያ ከየት ይመጣል? በዓመት አንዴ ስለ «መከባበር» ንግግር ሰምቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ከሚበተን ክፍል ነው?

አስተማሪው መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ ያውጣው። የአንድ ተማሪ ትንፋሽ በአሮጌው ስሌት አንዴ «ነጭ» አንዴ «ጥቁር» ተብሎ ይታሰብ፤ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይለጠፉ፤ ፈተናም ይውጣበት። ይህም ፖለቲካ ነው የሚል መምህር ካለ፣ ያን ምርጫ እዚያ መሣሪያ ውስጥ ማን እንዳስገባው አስቀድሞ ለተማሪዎቹ ይንገራቸው።